የተሳቢ መብራት ሲጠፋ ምክንያቱን ስለ መፈለግ

እህል የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና ተሳቢው ሳይበራ በሌሊት ቢጓዝ፤ ከኋላው የሚመጣው ሹፌር ሳያየው ሊጋጨው ይችላል። ስለዚህ መብራቱን ከጉዞ በፊት መመርመር ይገባል።

የኤሌክትሪክ ኃይል ከባትሪ ወጥቶ አምፑሉን ካበራ በኋላ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ያሻዋል። በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ መመለሻ ነው፤ ኃይሉ በመጎተቻው ብረት ብቻ ሲመለስ ዝገትና ቅባት ያግዱታልና። ምልክቱም ፍሬን ሲረገጥ የተሳቢው ሌሎች መብራቶች መደብዘዛቸው ነው።

መርማሪው በቅድሚያ አምፑሉንና ፊውዙን፤ ቀጥሎም የመሰኪያውን ብረቶች ይመልከት። ከዚያም መብራቱ እንደ ተከፈተ ከመኪናው ንጹሕ ብረት እስከ ተሳቢው ንጹሕ ብረት አንድ ሽቦ ያገናኝ፤ መብራቶቹ በደኅና ከበሩ ጉድለቱ ከመመለሻው መሆኑ ይታወቃል። መድኃኒቱም ዝገቱን ፍቆ፤ ለተሳቢው የራሱን የመመለሻ ሽቦ በመሰኪያው በኩል አጥብቆ ማሰር ነው።

ፊውዙ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ይህን ሳይጠግኑ በፊውዙ ስፍራ ወፍራም ሽቦ መተካት መኪናውንና ጭነቱን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነውና፤ የመኪናው ኃላፊ አጥብቆ ሊከለክለው ይገባል።