ሞተሩ ይሠራል፤ መኪናው ግን አይሄድም

ለእርዳታ የሚላከው እህልና መድኃኒት የመጨረሻውን ጉዞ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በአሮጌ መኪና ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1985 ከተሠሩት የላንድሮቨር መኪናዎች ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ አሉ። በዚህ ትምህርት የእነዚህ መኪናዎች የኋላ ጉልበት ሲቋረጥ ምን ማድረግ እንደሚገባን እንመለከታለን።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ጭነት የያዘው መኪና ከጭቃ ለመውጣት ሲታገል ድንገት «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ አልጠፋም፤ ማርሽም ይገባል፤ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ግን መኪናው አይነቃነቅም። ብዙዎቻችን ወዲያው ካምቢዮውን እንከስሳለን። ጊዜና ገንዘብ የሚባክነውም በዚህ ችኮላ ነው።

አስቀድሞ ጥንቃቄ

በእነዚህ መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ፣ ማለትም ካርዳኑን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ብረት ከተሰበረ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን አያቆምም። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ከሥር ከመግባቱ በፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ እናስደግፍ። ይህን መርሳት የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

ምርመራ

1ኛ/ ከመኪናው ሥርና ከፊቱ ሰው እንዳይኖር አድርገን፣ ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለን እንልቀቅ። የፍጥነት መቁጠሪያው ጉልበቱን የሚያገኘው ከካምቢዮው የኋላ ጫፍ ስለሆነ፣ ጎማዎቹ ሁሉ ቆመው ሳለ መርፌው ከተነሣ ካምቢዮው ደኅና ነው። ጉዳቱ ከዚያ በኋላ ነው።

2ኛ/ ሞተሩን አጥፍተን በኋላ ጎማው እምብርት ላይ ያሉትን 6 ብሎኖች እንፍታና ሴሚያሱን፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ እስከ ጎማው የሚደርሰውን ዘንግ፣ እንሳብ። ጎማው በራሱ ኩሽኔታ ላይ ስለሚቆም ማውረድ አያስፈልግም። ሴሚያሱ አጥሮ ከወጣ በሽታው ተገኘ። በሁለቱም በኩል ሙሉ ሆኖ ከወጣ ግን ዲፈረንሻሉን እንመርምር። ጥርሶቹ የተጠማዘዙ ሴሚያስ ገና ባይሰበርም ሊሰበር የተቃረበ ነውና ይለወጥ።

ጥገና

ውስጥ የቀረውን ስባሪ በማግኔት ወይም በሽቦ ቋጠሮ እናውጣ። እምቢ ካለ ዲፈረንሻሉ ይውረድ። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ አፍስሰን የብረት ስብርባሪ መኖሩን እንይ፤ አንዲት ፍንካች ብትቀር አዲሱን ሥራ ታበላሻለችና። ከዚያ አዲሱን ሴሚያስ ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር እንግጠም፤ 90 ቁጥር የዲፈረንሻል ዘይትም እስከ መሙያው አፍ እንሙላ።

መለዋወጫ በሌለበት መንገድ ላይ ሁለቱንም ሴሚያሶችና የኋላውን ካርዳን ፈትተን፣ ክፍተቶቹን አቧራ እንዳይገባ ሸፍነን፣ ቢጫውን እጀታ ወደ ታች በመጫን በፊት ጎማዎች ጉልበት ቀስ ብለን መመለስ እንችላለን። ፊት ጎማው ላይ የሚቆለፍ እምብርት ካለ መቆለፉን አንርሳ።

መከላከያ

ሴሚያስ የሚሰበረው ከልክ በላይ ሲጫን፣ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ፣ ወይም በጭቃ የሚሽከረከር ጎማ በድንገት ጠንካራ መሬት ሲይዝ ነው። እንግዲህ ጭነቱን የምንወስነው እኛ ስንሆን፣ ስብራቱን በሾፌሩ ላይ ብቻ ማላከክ አይገባንም።

ለውይይት

ሀ/ በፕሮጀክታችን መኪና ላይ የጎማ ማስደገፊያ አለ?
ለ/ አንድ ትርፍ ሴሚያስና ጓርኒሲዮን ተቀምጧል?
ሐ/ ሾፌሩ «ጭነቱ በዝቷል» ሲል የሚሰማው ማን ነው?