ኮሚክ ኮን በቤተሰብና ከአብሮ አደግ ጋር፦ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ልጅዎ የሥዕላዊ ታሪክና የፊልም ወዳጆች ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ፣ «ኮሚክ ኮን እንሂድ» እያለ መወትወት ከጀመረ ሰንብቷል። በስልክ ብቻ የሚገናኟቸው የድሮ ጓደኞችዎም «ለምን ቤተሰቡን ይዘን እዚያው አንገናኝም?» ብለዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ወጪውና ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። ትልቁ ችግር ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ለየቅል መሆኑ ነው። ትንሹ ልጅ ፎቶና አሻንጉሊት ይፈልጋል። ትልቋ የምትወደውን ተዋናይ መድረክ ላይ ማየት ትፈልጋለች። አብሮ አደጎችዎ የሚፈልጉት ቁጭ ብሎ ማውጋት ነው። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ እኩል አይሞሉም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ቀኑ የማን እንደሆነ ነው፤ የቀረው ከዚያ ይከተላል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች እየመለሱ ይሂዱ።

1. የትኛው ኮን ነው?

ኮሚክ ኮን የሚባለው ሁሉ መጠኑም ጠባዩም አንድ አይደለም። የሳንዲያጎው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር በአንድ ሆቴል ውስጥ 300 ያህል ሰው የተሰበሰበበት ጉባኤ ነበር። ዛሬ ከ130,000 በላይ ሰው ይጎርፍበታል። በጁላይ ወር ከረቡዕ ማታ እስከ እሑድ የሚቆይ ሲሆን፣ የፊልም ኩባንያዎች መጪ ሥራዎቻቸውን ይዘው የሚቀርቡበት መድረክ ሆኗል። የኒው ዮርኩ ኦክቶበር ላይ በጃቪትስ ማእከል ይካሄዳል፤ በ2006 ሲጀመር ከተጠበቀው በላይ ሰው በመምጣቱ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪዎች መግቢያውን እስከ ማስቆም ደርሰው ነበር።

ለዋሽንግተን፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪ ቅርቡ ኦሰም ኮን ነው። ከ2013 ጀምሮ በዋልተር ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር የሚካሄድ ሲሆን ዛሬ ከዓርብ እስከ እሑድ ይቆያል። የማውንት ቬርነን ስኩዌር ባቡር ጣቢያ ከማእከሉ ጎን ስለሆነ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አያስጨንቅም። ግርግር ካልወደዱ ደግሞ በሜሪላንድ በሴፕቴምበር የሚካሄደው ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ አለ። ከ1994 ጀምሮ የዘለቀው ይህ ዝግጅት የፊልም ተዋናይ የሚታይበት አይደለም፤ ሠዓሊው ራሱ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሳለውን የሚሸጥበት፣ ጠጋ ብለው ሊያናግሩት የሚችሉበት ነው።

ለንደን ያሉ በኤክሴል ማእከል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደውን ኤም ሲ ኤም፣ ቴል አቪቭ ያሉ በዳስ በዓል ሰሞን የሚውለውን አይኮን ያገኛሉ። በዱባይ በ2012 የተጀመረው የመካከለኛው ምሥራቅ ፊልምና ኮሚክ ኮን ደግሞ ከ2022 ወዲህ አቡ ዳቢ ሆኗል።

2. ቀኑ የማን ነው?

ቀኑ የትንሹ ልጅ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። ፎቶ ይነሣል፣ አንድ ነገር ይገዛል፣ ይደክመዋል፣ ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆዩት ለእሱ ብለው አይደለም።

ቀኑ የትልቋ ልጅ ከሆነ ፓነል የሚባለውን የመድረክ ውይይት አሠራር ይወቁ። በሳንዲያጎ ትልቁ አዳራሽ፣ ሆል ኤች፣ 6,500 ያህል ሰው ቢይዝም ለመግባት ሌሊቱን ደጅ የሚያድር አለ። በአንዱ ዝግጅትና በሌላው መካከል አዳራሹ ስለማይለቀቅም ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ተዋናይ ለማየት ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ ሰው ወንበሩን አይለቅም። «አንድ ፓነል ብቻ» ብለው ቃል ሲገቡ ቀኑን ሙሉ እንደሰጡ ይቁጠሩት።

ቀኑ የእርስዎና የጓደኞችዎ ከሆነም ራስዎን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላደገ ብዙ ሰው ባትማንና ሱፐርማን የመጡት በወረቀት አልነበረም፤ በቪዲዮ ቤት ነው። የድሮ መጽሔት በሳጥን ተደርድሮ ቢያዩ ላይማርክዎ ይችላል፤ የ1980ዎቹን ፊልም ተዋናይ ፊርማ ሲሰጥ ቢያዩ ግን ልብዎ ሊደነግጥ ይችላል። ስለዚህ የእንግዶቹን ዝርዝር አስቀድመው ይመልከቱ።

3. ትኬቱን ማን ይቆርጣል? በማን ስም?

ምግብ ቤት ውስጥ «በኔ ይሁን» እየተባባሉ ሒሳብ መሻማት እዚህ አይሠራም። ትኬት ወይም ባጅ የሚቆረጠው ከወራት በፊት፣ በኢንተርኔት ነው። ሳንዲያጎ በጣም ጥብቅ ነው፦ መጀመሪያ ከድርጅቱ ዘንድ የግል አካውንት ያወጣሉ፤ በሽያጩ ቀን ከብዙ ሺህ ሰው ጋር በኢንተርኔት ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራው የሚደርሰውም በዕጣ ነው። ባጁ ላይ ስም ስለሚታተም ለሌላ ሰው አይተላለፍም። አንድ ሰው መግዛት የሚችለውም ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ለመሄድ ካሰበ አንዱ ቤት ደርሶት ሌላው ሊቀር ይችላል። «አንዳችን ካልደረሰን ሌሎቻችን እንሂድ?» የሚለውን ከሽያጩ በፊት ይነጋገሩበት፤ ከሽያጩ በኋላ ከሆነ ቅሬታ ያመጣል።

የልጆች ዋጋም ከኮን ኮን ይለያል። በሳንዲያጎ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከከፈለ አዋቂ ጋር በነፃ ይገባል። ሌላው ጋ የዕድሜው ጣሪያ ዝቅ ይላል። ለአራት ልጆች ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

4. ከትኬቱ ሌላ ምን ይወጣል?

ትኬቱ የሚያስገባው በሩን ነው። ከተዋናይ ጋር ፎቶ መነሣት ለብቻው፣ ፊርማ ለብቻው ይከፈላል፤ እንደ ተዋናዩ ዝና ዋጋው ከአሥሮች እስከ መቶዎች ዶላር ይደርሳል። ለቡድን ፎቶ ስንት ሰው እንደሚፈቀድ ይጠይቁ፤ አምስት ሆናችሁ በአንድ ክፍያ መነሣት ከቻላችሁ ሒሳቡ ይቀላል።

ለልጆች የኪስ ገንዘባቸውን ጠዋት ቆጥረው ይስጧቸውና «ካለቀ አለቀ» ይበሏቸው። መጀመሪያ አንድ ዙር ያለ ግዢ ያዙሯቸው፤ ያው አሻንጉሊት ሦስት ቦታ በሦስት ዋጋ ይገኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጋዴው የተረፈውን ተሸክሞ ላለመመለስ ሲል ዋጋ የሚቀንስበት ሰዓት ነው።

አርቲስት አሊ የሚባለው የሠዓሊዎች መደዳ ለቤተሰብ የተሻለው ክፍል ነው። ልጅዎ መሳል የሚወድ ከሆነ ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ ጠረጴዛው ባዶ በሆነ ሰዓት ብዙዎቹ ሠዓሊዎች በደስታ ያነጋግሩታል። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ አብራችሁ የምታነቡት ነገር ቢኖር መልካም ነው። ብስራት ደበበ የመሠረተው እጣን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ «ሀዊ» የተባለችውን ጀግናም አስከትሏል። አያትና የልጅ ልጅ አንድን ታሪክ በየቋንቋቸው ሊያነቡ የሚችሉበት ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

5. የትኛውን ቀን?

ቅዳሜ ጭንቅ ነው። ታላላቅ እንግዶች የሚበዙት፣ ሰልፉም የሚረዝመው ያን ዕለት ነው። ዓርብ ቀለል ይላል፤ ትምህርት ቤት ማስቀረትን ግን ይጠይቃል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆኑ እሑድ ይሻላል፤ ሳንዲያጎም እሑድን የልጆች ቀን አድርጎ የቆየ ነው። ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ ለመምጣት ካሰቡ ግን ዝግጅቱ እሑድ ቀደም ብሎ እንደሚዘጋ አይዘንጉ።

6. ልጆቹ ይችሉታል?

ጫጫታው፣ መብራቱና ግፊያው ለአንዳንድ ልጅ ከባድ ነው። ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ ይያዙ፤ ጸጥ ያለ ክፍል ካለ የት እንደሆነ ሲገቡ ይጠይቁ። የሕፃን ጋሪ በሰው መካከል ማሳለፍ ፈተና ነው፤ ወደ ፓነል ክፍል ላይገባም ይችላል።

ልጅዎ ገጸ ባሕርይ ለብሶ መሄድ ከፈለገ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ የሸረሪት ሰው ልብስ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ግን መከራ ነው። ቤት ውስጥ አስለብሰው፣ አስወልቀው ይሞክሩት። ጫማው የለመደው ይሁን።

መጥፋትንም አስቀድመው ያስቡ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ እያንዳንዱን ልጅ በለበሰው ልብስ ፎቶ ያንሱ፤ «ባትማን የለበሰ ልጅ ጠፋብኝ» ማለት እዚያ ብዙ አይረዳም። ስልክ ቁጥርዎን ክንዱ ላይ ይጻፉ። አዳራሽ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ለትልልቆቹ «ከተጠፋፋን እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት» የሚል ቀጠሮ ይስጡ።

የሠዓሊዎቹ መደዳ ላይ ለልጅ የማይሆን ሥዕልም ይሰቀላል። ኮሚክ ሁሉ የልጅ አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ምልክት ሳያዩ አይግዙ።

7. አለባበስና የመሣሪያ ሕግ

ጎራዴውና ጠመንጃው የውሸት ቢሆንም በር ላይ ይፈተሻል። በ2017 ፊኒክስ ውስጥ ወደ ተካሄደው ኮሚክ ኮን እውነተኛ መሣሪያ ይዞ የገባ ሰው ከተያዘ በኋላ በየቦታው ቁጥጥሩ ጠብቋል። ብረት ነገር ቤት ይቅር፤ ልጅዎ በር ላይ ጎራዴውን ተነጥቆ ቀኑን በለቅሶ እንዳይጀምር የዚያን ኮን ደንብ አብራችሁ አንብቡ።

ሌላው ገጸ ባሕርይ የለበሰን ሰው ሳይጠይቁ ፎቶ አለማንሳት ነው። ኒው ዮርክ በ2014 ገጸ ባሕርይ መልበስ «ንኩኝ» ማለት እንዳልሆነ የሚያስታውቅ ትልቅ ማስታወቂያ በየበሩ አቁሟል፤ ሌሎቹም ተከትለዋል። ለልጆቹም ለጓደኞችዎም ይንገሩ፦ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ እጅ አይዘረጋም።

8. እናትዎ አብረው ይመጣሉ?

ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት ቤት ብቻቸውን ከሚቀሩ ብለው ሊያመጧቸው ያስቡ ይሆናል። ጭንብል የለበሰ ሰይጣን፣ ደም የተቀባ ፊት፣ ገላው የተራቆተ ወጣት እንደሚያዩ አስቀድመው ያጫውቷቸው። «ጨዋታ ነው፣ እንደ ቴአትር ነው» ተብሎ የተነገራቸው እናት ስቀው ያልፋሉ፤ ያልተነገራቸው ሲያማትቡ ይውላሉ። መቀመጫ እንደ ልብ የለም። እግር ለሚያማቸው ሰዎች የሚረዳ ጠረጴዛ መኖሩንና ዊልቸር መገኘቱን ይጠይቁ። ያም ሆኖ ግማሽ ቀን ለእሳቸው ከበቂ በላይ ነው፤ ማን ቀድሞ ይዟቸው እንደሚመለስ ከቤት ሳትወጡ ይወሰን።

9. ምን ይበላል?

አዳራሹ ውስጥ የሚሸጠው ፒዛ፣ ዶሮ ጥብስና ሆት ዶግ ነው፤ ዋጋውም ይቆነጥጣል። ለጿሚ የሚሆነው ጥቂት ነው። ኦሰም ኮን በ2024 የዋለው በቅበላ ቅዳሜና እሑድ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ሁዳዴ መሃል ገባ። የሳንዲያጎው የጁላይ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ በሐዋርያት ጾም ፍችና በፍልሰታ መግቢያ መካከል ይወድቃል። ለሙስሊም ቤተሰብም የረመዳንን ቀን ከዝግጅቱ ቀን ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቆሎና ውኃ ከያዙ ግማሹ ችግር ተቃለለ።

10. ጨዋታው የት ይሆናል?

አዳራሹ ውስጥ ወግ አይያዝም። ሰርግ ላይ ስፒከር ሥር እንደተቀመጠ ሰው በጆሮ እየተጯጯኹ ነው የሚነጋገሩት። አብሮ አደጎችዎን ለማግኘት ዋናው ምክንያትዎ ጨዋታ ከሆነ ጨዋታውን ከአዳራሹ ውጪ ያድርጉት። በዋሽንግተን ይህ ይቀላል፦ ከኮንቬንሽን ሴንተሩ በ9ኛው ጎዳና ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ያህል ቢራመዱ ዩ ስትሪት ይደርሳሉ፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚገኙበት ሠፈር ነው። ለምሽቱ ጠረጴዛ አስቀድመው ይያዙ። ወጥቶ መመለስ ከተፈቀደ ደግሞ በተራ ይሁን፦ ሁለቱ ልጆቹን ይዘው አዳራሽ ሲቆዩ የቀሩት ወጥተው ቡና ይጠጡ፣ ከዚያ ይለዋወጡ። ሁሉም ሁሉን ካላየ ብሎ አብሮ መዞር ሁሉንም ያደክማል።

ይሂዱ ወይስ ይቅር?

ይሂዱ፦
- ቀኑ የማን እንደሆነ በስም መጥራት ከቻሉና ሌሎቹም ከተስማሙ፤
- ከትኬቱ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ተቆርጦ ከተቀመጠ፤
- ልጆቹን ተራ በተራ የሚይዙ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ካሉ፤
- ከጓደኞችዎ ጋር የምትቀመጡበት ቦታና ሰዓት ከአዳራሹ ውጪ ከተያዘ።

ይቅር ወይም ይቆይ፦
- ከልጆቹ አንዱም ገጸ ባሕርያቱን የማያውቅ ከሆነ፤
- ጓደኞችዎ የሚመጡት ይሉኝታ ይዟቸው ብቻ ከሆነ፤
- ሆቴልና አውሮፕላን የሚከፈለው በብድር ከሆነ።

እርግጠኛ ካልሆኑ በትንሹ ይሞክሩ። ከ2002 ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ በየኮሚክ መደብሩ ነፃ ኮሚክ የሚታደልበት ቀን አለ። ልጆቹን ይዘው ቅርብዎ ወዳለው መደብር ይሂዱ፤ አንዳንዱ መደብር ሠዓሊ ይጋብዛል፣ ልብስ ለብሶ የሚመጣም አይጠፋም። ያመጡትን ኮሚክ በሳምንቱ ደጋግመው ካነበቡት የኮኑን ትኬት ይቁረጡ። መኪና ውስጥ ረስተውት ከቀረ ገንዘቡን ይያዙና ጓደኞችዎን ቤት ይጥሯቸው፤ እነሱ የፈለጉት ያንኑ ነበር።