ዜግነትን መመለስ ከግብር ያሳርፋልን?

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

ባለፈው ዒድ ለዘመድ ጥየቃ ከደሴ ወደ ኩታበር ወጥቼ ነበር። ቡናው ተጠጥቶ ዱዓው ከተደረገ በኋላ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ወንድም ጥያቄ አነሣ። «አገሬ ገብቼ ልኖር ወስኛለሁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዝኩ ግን እዚህ የማገኘውን ሁሉ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤታቸው ማሳወቅ አለብኝ። ዜግነታቸውን ብመልስላቸው አይገላግለኝም?» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት ሸኽ ስለ ግብሩ አልጠየቁትም። «መግቢያህስ ልጄ?» አሉት።

ጥያቄው የብዙዎች ነውና በቅደም ተከተል እንመልከተው።

አብዛኞቹ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ግብር የሚጠይቁት በነዋሪነት ነው። አሜሪካ ግን ዜጋዋን የትም ቢኖር በዜግነቱ ትጠይቃለች። በውጭ ሠርቶ ከሚገኝ ገቢ የተወሰነውን ነፃ የሚያደርግ ደንብ ስላለ ብዙዎች የሚከፍሉት ላይኖር ይችላል፤ ማሳወቁ ግን አይቀርም። ዜግነትን መመለስም የኋላ ዕዳን አይሠርዝም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ ዜግነቱን የሚመልስ ሰው ያለፉትን 5 ዓመታት የግብር ግዴታ መወጣቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከግብር ለመሸሽ ዜግነቱን የተወ ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ሊከለከል እንደሚችል ይደነግጋል፤ በተግባር እምብዛም አልተሠራበትም እንጂ።

ከዚህ የሚከብደው በራሳችን አገር ያለው ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት፣ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል። ወንድማችን ዛሬ ያለ ቪዛ የሚገባውና ያለ ሥራ ፈቃድ የሚሠራው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 በተፈቀደው ቢጫ ካርድ ነው። ካርዱ የሚሰጠው ደግሞ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊነቱ ሳይመለስለት የአሜሪካውን ከጣለ ከሁለቱም ሳይሆን አገር አልባ ሆኖ ሊቀር ነው።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። አዋጁ የቀድሞ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን መልሶ እንዲያገኝ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ መደበኛ ኑሮውን ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲያደርግ፣ የውጭ ዜግነቱን እንዲተውና ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲያመለክት።

ዜግነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ማወቅ የሚፈልግ በዐረብ አገር ያሉትን የኩታበርና የመካነ ሰላም ልጆች ይጠይቅ። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በውጭ አገር ሠራተኞች ቤተሰብ ላይ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል ጣለች፤ በ2020 ክፍያው 400 ደረሰ። ይህን የከፈለ ሁሉ ዜጋ አልሆነበትም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚያው ተጠርዘው ሲመጡ፣ ብዙዎቹ በእጃቸው የያዙት ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ አገራቸው ልትከለክላቸው አትችልም ነበር፤ ዜጋ ወደ አገሩ የመመለስ መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ሰፍሯልና።

ለሙስሊሙ ከዚህ በላይ የሆነ ትምህርት አለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ ሊገድሏቸው የዶለቱት ሰዎች ያስቀመጡትን አማና እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ትተው ነው የወጡት። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራም ወደ መካ ተመልሰው ገቡ። የጠላት አማና እንኳ ሳይበላ የሚወጣ ከሆነ፣ ቃል ገብተንበት በኖርንበት አገር ያለብንን ዕዳ ጥሎ መሸሽ እንዴት ይሆናል? የኢትዮጵያው አዋጅም ያለበትን ብሔራዊ ግዴታ ያልተወጣን ሰው ከዜግነቱ አይለቅም።

ስለዚህ ለወንድማችን የምንለው ይህ ነው። መጀመሪያ የኋላ ሒሳብህን ዝጋ። ቀጥሎ ዜግነትህ በምን ሁኔታና መቼ እንደሚመለስልህ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቅ። መግቢያህን ካረጋገጥክ በኋላ ፈርም። ከግብር ማረፍ ብቻውን ምክንያት ከሆነ ግን የሸኹን ጥያቄ ደግመህ አስብበት።

አላህ አማናን ጠብቀው ከሚወጡትና በሰላም ከሚመለሱት ያድርገን። አሚን።