በአንድ ግቢ ስለ በቀሉ ሦስት ዛፎች

ልጆች ሆይ፤ ባሕር ዛፍ ይህን ስም ያገኘው ከባሕር ማዶ፥ ከአውስትራልያ ምድር ስለ መጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነበር። በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ስላለቀ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ አደገ፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው እንደ ገና አቈጠቈጠ፤ ከተማይቱም በስፍራዋ ጸናች። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ይኸው ባለውለታ ዛፍ ውሃ ያደርቃል ተብሎ ተከሰሰ። በ1913 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ብዙው ተነቅሎ፥ የሐር ትል የሚመገበው የቱት ዛፍ በስፍራው እንዲተከል ታዘዘ። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም።

አሁን ወደ ለሚ ኩራ እንምጣ። ይህ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ይገኙበታል። ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ግቢ፥ በአጥሩ ጥግ፥ አንድ ባሕር ዛፍና ሁለት የአቮካዶ ዛፎች ተቀራርበው በቅለዋል እንበል። በተተከሉ ጊዜ ከጉልበት አያልፉም ነበርና ቦታው ለሦስቱም የሚበቃ መስሎ ነበር። ዛሬ ግን ባሕር ዛፉ ፎቁን አልፏል፤ አቮካዶዎቹም ፀሐይ ፍለጋ ወደ አንድ ወገን ተጣመዋል።

አንዱ ጎረቤት፦ «ባሕር ዛፉ ይቈረጥ፤ ልጆቹ ፍሬ ይብሉ» ይላል። ሁለተኛው፦ «አቮካዶዎቹ ራሳቸው ይሻማሉና ከነርሱም አንዱ ይውጣ» ይላል። አንዲት አሮጊት ግን፦ «ባሕር ዛፉን የተከልሁት ልጄ ወደ ዐረብ አገር የሄደ ዓመት ነው፤ እርሱ ሳይመለስ አይነካ» ይላሉ።

የሁለተኛው ጎረቤት ነገር ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴቴ ሆኖ፥ ተዘግቶም በማግሥቱ ወንዴ ሆኖ። ሴቴነቱ በአንዳንዱ ዓይነት ጧት፥ በሌላው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዛፎች ልዩ ልዩ ዓይነት ከሆኑ ንብ የአንዱን አበባ ዱቄት ለሌላው ታደርሳለች፤ ፍሬውም ይበዛል። አንዱን ቢቈርጡ የቀረው ቦታ ያገኛል፥ ፍሬው ግን ሊያንስ ይችላል። በአበባ ወራት ጧትና ማታ አበባውን ማየት ለናንተ ለልጆች የሚገባ ሥራ ነው፤ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ይህ ይታወቅ።

የባሕር ዛፉ ጉዳይ ሌላ ነው። ሥሩ ውሃውን ከሁሉ ቀድሞ ይጠጣል፤ ጥላውም አቮካዶውን ከፍሬ ይከለክለዋል። እኔ ብጠየቅ ይቈረጥ እላለሁ። ሆኖም ግቢው የአንድ ሰው አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅም ቁጥር 370 እንዲህ ያለውን ስፍራ የቤቶቹ ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት አድርጎታል። እንግዲህ ሌሊት ተነሥቶ መቍረጥ የጎረቤትን እንጀራ ሳይጠይቁ እንደ መብላት ነው።

አሮጊቲቱን በስብሰባ መካከል በእጅ ብልጫ ከመርታት፥ አስቀድሞ ሁለት ሰዎች ከቤታቸው ሄደው ቡና እየጠጡ ቢያነጋግሯቸው ይሻላል። የሚቈረጥበትን ቀን እርሳቸው ይምረጡ፤ ከግንዱም አግዳሚ ወንበር ተሠርቶ ከደጃቸው ይቀመጥ። ልጃቸው በመጣ ጊዜ ይቀመጥበታል። እንቢ ካሉ ግን ለአንድ ዓመት ቅርንጫፉን ብቻ መመልመል ይቻላል፤ አቮካዶው አንድ ዓመት ቢታገሥ አይሞትም።

እሺ ካሉ ደግሞ ጥላው ሁሉ በአንድ ቀን አይነሣ። በጥላ የኖረ የአቮካዶ ግንድ ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ልጡ ይቃጠላልና፥ አስቀድሞ በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ይቀባ። የባሕር ዛፉ ጉቶ ከዝናብ በኋላ ማቈጥቈጡ አይቀርም፤ ቡቃያውን በየጊዜው የሚለቅም ሰው ከመቍረጡ በፊት ይመረጥ።