ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ስለ መምረጥ



ለዘንድሮው መጽሔታችን ምን ልጻፍ ብዬ ሳወጣና ሳወርድ ከሰነበትሁ በኋላ፣ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ከመገልበጥ ይልቅ በገንዘብ የተማርሁትን ባቀርብ ይሻላል ብዬ ቈረጥሁ። ገንዘቡም የራሴ አልነበረም፤ የእናቴ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓምና በጥቅምት ወር ዕቁብ ደረሳትና፣ ለስፌት መኪናዋ ሞተር ልትገዛበት ካሰበችው ገንዘብ ላይ ቀንሳ፣ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሬ ስለምናት የነበረውን የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛችልኝ። መኪናዋን እስከ ዛሬ በእግሯ ትረግጣለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ለእኔ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም።

አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ጊታር ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው በመልኩ ይገዛዋልና፤ እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ። የክራርንም ሆነ የተራውን የእንጨት ጊታር ድምፅ የሚያጐላው ባዶው ሆዱ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሆድ የለውም፤ አካሉ ድፍን እንጨት ነው። ከአውታሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ዕቃ ተተክሎበታል፤ ይኸውም በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ አውታር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እርሱም በገመድ አልፎ አምፕሊፋየር በሚባለው ማጉያ ይጐላል። ይህ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስንማረው ምን ሊረባኝ ነው ብዬ ነበር። (ጓደኞቼ አውታርን «ክር» ይሉታል፤ ወደ ታች ስለ ስፌት ክር ስለማነሣ ግን እንዳይምታታ አውታር ብዬዋለሁ።)

እንግዲህ ሆድ ከሌለው፣ በርካሽ ጊታር ላይ የእንጨቱ ውበትና የቀለሙ ማብረቅረቅ ብዙም ዋጋ የለውም ማለት ነው። ዋጋ ያለው የልኩ ትክክለኛነት ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ካወጣ ወዲህ ቅርጹን በየአገሩ ያሉ ፋብሪካዎች ስለ ቀዱት፣ ደኅናውም መናኛውም በመልክ አንድ ዓይነት ሆነዋል። የሚገርመው ሊዮ ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ መለካት ግን ይችል ነበር።

የእኔ ጊታር ቀይ ነው፤ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። የሸጠልንን ሱቅ ስም አላነሣም። ከትንሽ ማጉያ፣ ከገመድና ከማንገቻ ጋር በአንድ ካርቶን ታሽጎ ስለ መጣ እናቴም እኔም ሁሉም ነገር የተሟላልን መስሎን ደስ ብሎን ተመለስን። ሁለት ወር ያህል እጄን ሳለማምድ ቈየሁ። በራሱ በኩል፣ ማለት በመቃኛዎቹ አጠገብ ስጫወት ድምፁ ደኅና ነው፤ ጣቴ ወደ አካሉ በተጠጋ ቍጥር ግን አንድ የሚጎረብጥ ነገር ይመጣል። ጣቴ ገና አልለመደም እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። በጥር ወር በወላጆች በዓል አንዲት የክፍል ጓደኛዬ በክራር፣ እኔ በጊታር ሆነን ትዝታ ስንጫወት፣ ዜማው ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣ ክራሩና ጊታሩ ተጣሉ። ክራሩን ያለማቋረጥ ስትቃኝ ስለ ነበር ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ከፊት ከተቀመጡት ወላጆች አንዱ «ልጅቱ ጆሮ የላትም» ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ምሽት ለእናቴ ጊታሩን ሸጣ ሞተሯን እንድትገዛ ነገርኋት።

እርሷ ግን «መጀመሪያ ነገሩን እንየው» አለችኝ። ነገሩን ለማየት ያገዘን የሒሳብ ትምህርት ነው። በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት ፍሬት የሚባሉ የብረት ዘንጎች የትም አይተከሉም። አንድ ስምንተኛ ድምፅ በ12 እኩል እርምጃ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ፍሬት ቦታ ለማግኘት የቀረውን የአውታር ርዝመት ለ17.817 ማካፈል ነው። የስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር የአውታር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፍሬት ከራስጌው 36.4 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል። እንዲህ እየቀነሱ ቢሄዱ 12ኛው ፍሬት ላይ በትክክል እኩሌታው፣ ማለት 324 ሚሊሜትር ይገኛል። እኩሌታው ላይ የተጫኑት አውታር ድምፁ ልክ አንድ ስምንተኛ ይወጣል።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ቁጥሩን አልሰማችኝም። ከቀሰሟ ላይ የስፌት ክር መዘዘችና አንዱን ጫፍ አውታሮቹ በራስጌ በሚያልፉባት ነጭ መቀመጫ ላይ፣ ሌላውን በ12ኛው ፍሬት ላይ ወጥራ ቈረጠችው። ከዚያም ያንኑ ክር ከ12ኛው ፍሬት ወደ ድልድዩ ዘረጋችው። ድልድይ የምለው በአካሉ ላይ አውታሮቹ የሚያርፉበትን ብረት ነው፤ በክራር ብርኩማ እንደሚባለው ያለ ነው። ክሩ ድልድዩን አልፎ 5 ሚሊሜትር ያህል ተረፈ። «ይኸ ልብስ ቢሆን ኖሮ አንዱ እጅጌ አጥሯል እል ነበር» አለች።

ነገሩ ይህ ነበር። አውታርን ስንጫነው ጥቂት ስለሚወጠር ድምፁ በጥቂቱ ይቀጥናል፤ ይህንን ለማካካስ ድልድዩ ከእኩሌታው ጥቂት ራቅ ይደረጋል፤ ለቀጭኑ አውታር 1 ወይም 2 ሚሊሜትር፣ ለወፍራሙ 3 ወይም 4። በድልድዩ ላይ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ይህን ለማስተካከል የተሠሩ ናቸው። በእኔ ጊታር ግን ድልድዩ ሲተከል ወደ ፊት ስለ ተጠጋ፣ ብሎኖቹ እስከ መጨረሻ ቢዞሩም አይደርሱም። ስለዚህ ክፍቱን አውታር ምንም ያህል አስተካክዬ ብቃኝ፣ ወደ ላይ ስወጣ ሁሉም ድምፅ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ጆሮ የሌለው ጊታሩ ነበር።

ወደ ሱቁ ተመለስን፤ ባለ ሱቁም በግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ አሳየን። በዚያው ሰሞን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጊታሩን በግማሽ ዋጋ ልግዛሽ ብሎ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ ልሸጥለት ተስማምቼ ነበር። በራስጌው በኩል ብቻ ተጫውቼ አሰማሁት፤ እዚያ ደግሞ ያምራል። እናቴ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠችና «ክሩን አሳይው፤ ከዚያ በኋላ ከወደደው ይውሰደው» አለችኝ። አሳየሁት። አልገዛም። ነገር ግን ሌላ ሲገዛ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ፤ እንዲህም ሆኖ በሁለት ቅዳሜ አራት ጊታሮች ፈተንን።

የመጀመሪያው የክሩን ፈተና አለፈ፤ ክሩ ከድልድዩ ጥቂት ሚሊሜትር ጎደለ፤ የሚፈለገውም እንዲህ ነው። ነገር ግን አናጢ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን ከራሱ እስከ አካሉ በአንገቱ ላይ ብናይ፣ ጠምዘዝ ብሏል። የቀጭኖቹ አውታሮች ጠቅላላ ውጥረት እንኳ ወደ 38 ኪሎ ይደርሳል፤ አንገቱ ሌሊትና ቀን ይህንን ይሸከማል። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ስላለ፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የጎበጠ አንገት ዘንጉን በቁልፍ ጥቂት፣ ከሩብ ዙር ሳይበልጥ፣ በማዞር ይቃናል። እንደ ተጨመቀ ልብስ የተጠመዘዘውን ግን ዘንጉ አያቃናውም። ተውነው።

በሁለተኛው አውታሮቹ ከፍሬቶቹ እጅግ ርቀዋል። ይህን ለማወቅ የባንክ ካርድ ይበቃል፤ አንዱ ካርድ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከወፍራሙ አውታር ሥር ሁለት ወይም ሦስት ካርድ ቢገባ መልካም ነው። በዚያ ጊታር ላይ አምስት ገባ። በድልድዩ ብሎኖች ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ብንሞክር ከዚያ በታች አልወርድ አሉ። ብዙ ጀማሪ ጣቱ እየቈሰለ በሁለት ሳምንት የሚተወው በእንዲህ ያለው ጊታር ምክንያት ነው፤ ሰነፍ ነህ ይባላል እንጂ ካርድ የሚያስገባለት የለም።

ሦስተኛው የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ይቧጥጣል። በአዲስ አበባ በጋው ደረቅ ስለሆነ የአንገቱ እንጨት ይሸማቀቅና ብረቱ ከዳር ብቅ ይላል። ይህ በሞረድ የሚስተካከል ቀላል ነገር ነው፤ ግን ባለ ሱቁ ዋጋ አልቀንስም አለ።

አራተኛው ያገለገለ ያማሃ ፓሲፊካ ነበር፤ ባለቤቱ በየምሽት ቤቱ የሚጫወት ሰው ነው። ቀለሙ ተፋፍቋል፤ ከኋላው የቀበቶ ዘለበት የጫረው ምልክት አለበት። ክሩ ልክ ነው፤ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ካርዱ ሁለት ገባ። ማጉያ ላይ ስንሰካው አንዱ መዘውር ሲዞር ተንጫጫ፤ ይህ አቧራ ነው፤ ይጠረጋል። ከፒክአፖቹም ነጠላ ጥቅል ያለው «እም» የሚል ድምፅ ሲያሰማ ልጁ ደነገጠ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ከግድግዳው ውስጥ ያለው የመብራት መሥመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ሽቦው ይህንንም ጭምር ይሰማል። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አያይዞ ድምፁ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ አደረገ፤ በዚሁ ጊታር ላይ በድልድዩ በኩል ያለው ፒክአፕ እንዲህ ያለ ስለሆነ ወደ እርሱ ብናዞረው ዝም አለ። ገዛው። በዋጋም ከእኔ አዲስ ቀይ ጊታር ያነሰ ነው፤ ይህን ስሰማ ትንሽ እንዳመመኝ አልደብቅም።

ስለ ማጉያው አንድ ነገር ልጨምር፤ የዚህ ልጅ አጎት አሜሪካ ስለሚኖሩ ለበዓል ሲመጡ ማጉያ ሊያመጡለት ቃል ገብተው ነበርና። ጊታሩ ራሱ ከመብራት ስለማይያያዝ ከየትም አገር ቢመጣ ግድ የለም። የአሜሪካ መብራት ግን 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ለ120 ብቻ የተሠራ ማጉያ እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ ወላጆች፣ ዘመድ ከውጭ ሲያመጣ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ጠይቁ። ለመኖሪያ ቤት 10 ዋት ይበቃል፤ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋም ጥናት አይቋረጥም፤ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቢኖረው ጎረቤትም ይመርቃችኋል።

አዲስ አውታር በተገጠመ ሰሞን ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ እስኪለጠጥ ነው እንጂ መቃኛው ተበላሽቶ አይደለም። ለጀማሪ ጣት በተለምዶ «ዘጠኝ ቁጥር» የሚባለው ቀጭኑ ይሻላል። የሮሐ ባንዱ ሰላም ሥዩም በኤሌክትሪክ ጊታር ያሰማንን የአገራችንን ቅኝት ለመሞከር የሚፈልግም በዚሁ ይጀምር።

የእኔ ቀይ ጊታር ምን ሆነ ለምትሉ፣ የሰፈራችን አናጢ ድልድዩን ነቅለው የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በእንጨት ችንካርና በኮላ ደፈኑልኝ፤ እናቴ ክሯን ይዛ አጠገባቸው ቆማ፣ 7 ሚሊሜትር ወደ ኋላ አስቀይራ አስተከለችው። የክፍያውን ጉዳይ በአንድ ሱሪ ማሳጠር ጨረሱት። አሁን 12ኛው ፍሬት ላይ ልክ ነው፤ አዲሱ የብሎን ቀዳዳ አጠገብ ግን ቀለሙ ተሰንጥቋል። ለሚቀጥለው የወላጆች በዓል ከዚያችው የክራር ጓደኛዬ ጋር ትዝታን እንደገና እየተለማመድን ነው። ጊታር ለመግዛት ያሰበ ተማሪ ቢኖር፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በሙዚቃ ክፍል እንገኛለን፤ ክሩም በጊታሩ ራስ ላይ ተጠምጥሞ አለ።