የጉድጓድ ውሃን የሚያነሳው ማን ነው? በደብረ ታቦር ከፍታ ፓምፕና ቧንቧ ስለ መምረጥ

እጩ መምህራን! ፓምፕ ውሃ ይስባል ሲባል እንሰማለን፤ እኛም እንላለን። በሳይንስ ዓይን ሲታይ ግን ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ የሚያደርገው በቧንቧው ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። ይህን ኃይል ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ በሜርኩሪ መዝኖታል። የሜርኩሪው ዓምድ በባሕር ጠለል 76 ሳንቲሜትር ይቆማል፤ ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ ያው ግፊት ውሃን 10.3 ሜትር ያቆማል ማለት ነው።

እንግዲህ በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው 10 ሜትር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃን ሊያነሳ የሚችለው 7.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቁልቁል 1,800 ሜትር ወዳላት ወረታ ብንወርድ 8.3 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ ጉና ተዳፋት ብንወጣ ደግሞ ከ7.4ም ያንሳል። ስለዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲያወጣ የታየ ፓምፕ እዚህ መጥቶ በባዶው ቢጮህ፣ ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ መፍረድ አይገባም።

7.4 ሜትሩም ቢሆን የወረቀት ሒሳብ ነው። ፓምፑ ራሱ ለሥራው ግፊት ይፈልጋል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃም ይቀንሳል። በተግባር ከ5 ሜትር በላይ ባይመኩ ይሻላል። ይህም የሚለካው በነሐሴ ሳይሆን ውሃው ዝቅ በሚልበት በበጋው መጨረሻ ነው። ቧንቧ ሲመረጥ የሚከተሉት ይታዩ፦

ሀ/ ስፋት። በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሴኮንድ የሚሞላ ውሃ፣ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር በሆነ 10 ሜትር ለስላሳ ቧንቧ ሲያልፍ የሚጠፋው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ግን ኪሳራው ወደ 30 እጥፍ ያድጋል፤ 15 ሜትር ያህል መሆኑ ነው! አየሩ ከሚችለው በላይ ስለሆነ ያን ያህል ውሃ በዚያ ቧንቧ አይወጣም። ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ቧንቧ ከፓምፑ አፍ መጥበብ የለበትም።

ለ/ ዓይነት። ለስላሳ ጎማ በውጭ አየር ተጨፍልቆ ይጣበቃል፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ጠምዛዛ አጥንት ያለው ጎማ ያስፈልጋል። የዚንክ ቅብ ብረት ጠንካራ ቢሆንም ቅቡ ሲያልቅ ይዝጋል፣ ውስጡም ይጠባል። ፒቪሲ ፀሐይ ሲመታው ስለሚሰባበር ይቀበር። ጥቁሩ ፖሊኤቲሊን ፀሐይን ይችላል፤ በጥቅል ስለሚመጣም መጋጠሚያው ጥቂት ነው።

ሐ/ መጋጠሚያ። በመርፌ ቀዳዳ አየር ከገባ ውሃው አይነሳም። ለተማሪዎች ለማሳየት የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ከመጠጡ በላይ በመርፌ በስታችሁ አስመጥጡ፤ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ውሃው ከ5 ሜትር በታች ከራቀ መፍትሔው ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ማውረድ አይደለም። ይህ ሰው ይገድላል! የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባም አብሮ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ውሃውን ከታች የሚገፋ ወይም የሚያነሳ መሣሪያ መጠቀም ነው፦ እንደ አፍሪዴቭ ያለ ሲሊንደሩ ከውሃው ውስጥ የሚቀመጥ የእጅ ፓምፕ፣ የገመድ ፓምፕ፣ ወይም ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ። እነዚህ የውጭውን አየር እርዳታ ስለማይጠብቁ የ7.4 ሜትሩ ወሰን አያግዳቸውም። ውሃው በቧንቧ ወደ ላይ ሲገፋ ግን ቧንቧው ግፊቱን መቻል አለበት፤ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ያህል ይጨመራል። የሚችለው መጠን በቧንቧው ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ሳያነቡ አይግዙ።

መልመጃ፦ በነሐሴ ውሃው 3 ሜትር ላይ የሚገኝ የደብረ ታቦር ጉድጓድ በሚያዝያ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ባለቤቱ ከላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ሊገዛ ነው። ምን ትመክሩታላችሁ? ምክንያቱንስ ለ6ኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስረዳላችሁ?