ወንጀል ከጓደኛ ይለመዳል?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ሞባይል ከሚነጥቁ ልጆች ጋር መዋል ጀምሯል። ሌባ ያደርጉት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 ባቀረበውና በ1947 ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ፣ ወንጀል በደም የሚወረስ ሳይሆን ከቅርብ ሰዎች የሚለመድ መሆኑን አስረድቷል። ልጅ የሚማረው የመንጠቅ ዘዴውን ብቻ አይደለም፤ «ባለስልኩ ሀብታም ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ማመካኛ ጭምር ነው። ከዘዴው ይልቅ የሚከፋውም ይኸው ማመካኛ ነው።

ተጽዕኖውን የሚወስኑት የግንኙነቱ ድግግሞሽ፣ ርዝመት፣ ቀዳሚነትና ጥልቀት ናቸው። ስለዚህ አብሮ የዋለ ሁሉ ሌባ አይሆንም፤ ሕግ አክባሪ ወዳጆች ከበዙለት ሚዛኑ ወደ በጎው ያደላል። «ከእነሱ ጋር እንዳላይህ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሚወደው አጎት፣ መምህር ወይም የስፖርት አሰልጣኝ ይቅረበው። ሳይውሉ ሳያድሩ ይጀምሩ።